የቴራፒ ዋጋን ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት በጽሑፍ መቀበል፦ አሜሪካ ውስጥ ከኪሱ ለሚከፍል ታካሚ

በአስተርጓሚነት እሠራ በነበረበት ጊዜ አንዲት እናት ከቦርሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ባለቤታቸውን ከቀበሩ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው አንድ ቴራፒስት (በንግግር የሚያክም የአእምሮ ጤና ባለሙያ) ዘንድ ሰባት ጊዜ ሄደዋል። ወረቀቱ የሰባቱም ቀን ቢል፣ ማለትም የክፍያ መጠየቂያ ነው። «እማማ፣ ሲጀምሩ ስንት እንደሆነ አልነገሩዎትም?» ስላቸው፣ «እኔስ መቼ ጠየቅኩ ልጄ? ሰው ሐዘኔን ሊሰማልኝ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ስለ ገንዘብ ላንሳ?» አሉኝ። ስምንተኛው ቀጠሯቸው ላይ አልሄዱም። ቢሉን ፈርተው ቀሩ። ገንዘቡ ቢቆረቁረኝም የበለጠ የቆጨኝ ሕክምናው መሃል ላይ መቋረጡ ነበር፤ እንቅልፋቸው ገና መመለስ ጀምሮ ነበርና።

ያኔ የማላውቀውን ነገር አሁን ለሚያገኘኝ ሁሉ እናገራለሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ፣ ከኪሱ የሚከፍል ታካሚ የሕክምናውን ዋጋ ግምት አስቀድሞ በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው። መብቱን የሰጠው ኖ ሰርፕራይዝስ አክት የተባለው የፌዴራል ሕግ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ጉድ ፌይዝ ኤስቲሜት ይባላል። በአማርኛ «በቅን ልቦና የተሰጠ የዋጋ ግምት» ልንለው እንችላለን፤ ስልክ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ስሙ ይጥሩት፤ ስልኩን ያነሳው ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሕጉ ለትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ የወጣ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ግን በአንዲት ክፍል ብቻውን የሚሠራ ፈቃድ ያለው ቴራፒስትም፣ በቪዲዮ የሚያክመውም ይገደድበታል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ካለብዎት ወይም የሚወዱት ሰው እንዲያ ካለ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ይተዉትና 988 ወደተባለው የአስቸኳይ የአእምሮ ጤና እርዳታ መስመር ይደውሉ። በማንኛውም ሰዓት ይሠራል፣ ክፍያ የለውም፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። የዋጋው ጉዳይ ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ የትኛው ወገን እንደሆኑ ይለዩ

የጽሑፍ ግምቱ የሚገባው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ኢንሹራንስ የሌለው ነው። ሁለተኛው ኢንሹራንስ እያለው ለዚህ ሕክምና በኢንሹራንሱ ላለመጠቀም የመረጠ ነው። ሁለተኛው ወገን በቴራፒ ዓለም ብዙ ነው፤ ብዙ ቴራፒስቶች ኢንሹራንስ አይቀበሉም፣ አንዳንዱ ታካሚም የሕመሙ ስም ኢንሹራንሱ መዝገብ ውስጥ እንዲገባ አይፈልግም። እርስዎ ከዚህ ወገን ከሆኑ ቀጠሮ ሲይዙ «ኢንሹራንስ አለኝ፣ ግን ለዚህ አልጠቀምበትም፣ ከኪሴ ነው የምከፍለው» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ቢሮው ይህንን ራሱ የመጠየቅ ግዴታ አለበት፤ ግን እስኪጠይቅዎት አይጠብቁ።

የመንግሥት የጤና ፕሮግራም፣ ማለትም ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን)፣ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው)፣ ትራይኬር (ለወታደር ቤተሰብ) ወይም የቀድሞ ወታደሮች ሕክምና ያለው ሰው በዚህ ወረቀት አይስተናገድም፤ እነዚህ ፕሮግራሞች የራሳቸው መከላከያ አላቸው። ለምሳሌ ሜዲኬይድ የሚቀበል ባለሙያ፣ ሜዲኬይድ ለሸፈነው አገልግሎት ከተፈቀደው አነስተኛ ኮፔይ (ታካሚው በየቀጠሮው የሚከፍለው የተወሰነ ድርሻ) በላይ «ቀሪ ሒሳብ» ብሎ ሊያስከፍልዎ አይችልም። ብዙ ወገኖቻችን ሜዲኬይድ እያላቸው እንዲህ ያለ ቢል ሲደርሳቸው ከፍለው ዝም ይላሉ። አይክፈሉ፤ መጀመሪያ ወደ ሜዲኬይድ ፕላንዎ ይደውሉ።

በኢንሹራንስ የሚታከሙ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ካርድዎ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ደውለው እነዚህን ይጠይቁ፦ ይህ ቴራፒስት ኔትወርክ ውስጥ ነው ወይ፣ ማለትም ከእናንተ ጋር ውል አለው ወይ? ለዚህ አገልግሎት የተስማማችሁበት ዋጋ ስንት ነው? ዲደክተብሌ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ከኪሴ የምሞላው መጠን) ስንት ነው፣ እስካሁንስ ስንቱን ሞላሁ? ከዚያ በኋላ ኮፔዬ ስንት ነው? ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? «ኮፔይህ ሠላሳ ዶላር ነው» የሚለው መልስ ብቻውን ሰው ያሳስታል። ዲደክተብልዎ 2,000 ዶላር ቢሆንና ገና ምንም ካልከፈሉበት፣ ኢንሹራንሱ ከቴራፒስቱ ጋር የተስማማበት ዋጋም 120 ዶላር ቢሆን፣ ዲደክተብሉ እስኪሞላ በየቀጠሮው 120 ሊከፍሉ ይችላሉ። ሠላሳው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንድ ፕላን ደግሞ ለቴራፒ ከመጀመሪያው ቀን ኮፔይ ብቻ ያስከፍላል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ያስነግሩ፤ የመለሰልዎትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን ቁጥር ይጻፉ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ወዲህ አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች እርስዎ የሚከፍሉትን ድርሻ አስቀድሞ የሚያሳይ መሣሪያ ድረ ገጻቸው ላይ ማቅረብ አለባቸው፤ ኢንተርኔት የማይመችዎት ከሆነ በወረቀት እንዲልኩልዎ ይጠይቁ።

ከዚህ በታች ያለው ከኪሱ ለሚከፍል ነው።

ደረጃ 2፦ ይደውሉ፣ ዋጋውን ይጠይቁ፣ የጠየቁበትን ቀን ይጻፉ

ከሕጉ ሁሉ የምወደው አንቀጽ ይህ ነው፦ ታካሚው ስለ ዋጋ ያነሳው ማንኛውም ጥያቄ ወይም ወሬ እንደ ግምት ጥያቄ ይቆጠራል። «ስንት ነው?» ማለት ይበቃል። የወረቀቱን ስም አለማወቅ መብቱን አያስቀርም፣ ቅጽ መሙላት አያስፈልግም፣ ቀጠሮ መያዝም ግድ አይደለም። ሦስት ቴራፒስት ዘንድ ደውለው ከሦስቱም ግምት ተቀብለው ማወዳደር ይችላሉ፤ ወረቀቱን መቀበል እዚያ እንዲታከሙ አያስገድድዎትም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ የሚይዘን ይሉኝታ ነው። ነፍሱ የታመመ ሰው ዋጋ ሲጠይቅ እንደ ንፉግ ወይም እንደ ችግረኛ የሚታይ ይመስለዋል። ቴራፒስቶቹ ዘንድ ግን ስለ ክፍያ መነጋገር የሥራቸው አንድ ክፍል ነው፤ በየቀኑ ያደርጉታል። እንዲያውም ከመጀመሪያው ያልተነገረ ዋጋ በኋላ ሶፋው ላይ አብሮ ይቀመጣል። ሰውየው እያለቀሰ ሰዓቱን ያያል።

በአማርኛ የሚያስቡትን እንዲህ ይበሉት፦ «አዲስ ታካሚ ነኝ። ከኪሴ ነው የምከፍለው። ለመጀመሪያው ቀጠሮና ከዚያ በኋላ ላሉት ሦስት ወራት የዋጋ ግምት በጽሑፍ ላኩልኝ።» በእንግሊዝኛ ለማለት የሚቸገር ሰው ይህንን እያየ ያንብብ፦ «አይ ዊል ፔይ ማይሰልፍ። ፕሊዝ ሴንድ ሚ ኤ ጉድ ፌይዝ ኤስቲሜት ኢን ራይቲንግ።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይበቃል።

በኢሜይል ወይም በፖርታሉ (ቢሮው ለታካሚዎቹ ባዘጋጀው ድረ ገጽ) መጻፍ ከስልክ ይሻላል፤ ቀኑ ራሱ ይመዘገባል። በስልክ ከሆነ ደግሞ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀኑን ማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩ። በቃል የነገሩዎት ዋጋ የጽሑፉን ግዴታ አይተካም። «ነግሬዎታለሁ እኮ» ቢሉ፣ «አመሰግናለሁ፣ አሁን በጽሑፍ ላኩልኝ» ይበሉ።

የቋንቋ ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሳል። ግምት የማግኘት መብት መኖሩን የሚናገረው ማስታወቂያ በቢሮው ውስጥና በድረ ገጹ ላይ በግልጽ መለጠፍ አለበት፤ ቀጠሮ በሚያዝበትና ስለ ዋጋ በሚጠየቅበት ጊዜም በቃል ሊነገር ይገባል። ደንቡ ማስታወቂያው ታካሚዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ እንዲቀርብ ይጠይቃል። እንዲሁም ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት፣ ለምሳሌ ሜዲኬይድ የሚያስተናግዱ ክሊኒኮች፣ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ልጅዎ እንዲያስተረጉምልዎ አይፍቀዱ። እነዚሁ ተቋማት ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ትንንሽ ልጆችን በአስተርጓሚነት መጠቀም አይፈቀድላቸውም፤ ፈቃዱ ቢኖርም እንኳ የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ጭንቀትና የእናቱን ዕዳ በአንድ ቀን መሸከም የለበትም። ይህን ያየሁት በዓይኔ ስለሆነ ነው ጠበቅ አድርጌ የምናገረው።

ደረጃ 3፦ የሥራ ቀኖችን ይቁጠሩ

ወረቀቱ የሚደርስበት ጊዜ በሕግ የተወሰነ ነው። ቀጠሮው ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀድሞ ከተያዘ፣ ግምቱ ቀጠሮ በተያዘ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ቀጠሮው ቢያንስ አሥር የሥራ ቀን ቀድሞ ከተያዘ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ። ቀጠሮ ሳይዙ ዋጋ ብቻ ከጠየቁም እንዲሁ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ።

ሰኞ ደውለው ለሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ቀጠሮ ቢይዙ፣ ወረቀቱ በማግስቱ፣ በደወሉበት ሳምንት ማክሰኞ፣ እጅዎ ሊገባ ይገባል። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆነ በደወሉበት ሳምንት እስከ ሐሙስ። መካከል ላይ የበዓል ቀን ካለ አይቆጠርም፣ ቅዳሜና እሑድም እንዲሁ።

ቀዳዳው እዚህ ጋ ነው፦ ቀጠሮው ከሦስት የሥራ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከሆነ ቀጠሮ በመያዙ ብቻ ግምት የመስጠት ግዴታ የለም። «ነገ ባዶ ሰዓት አለን፣ ይምጡ» ሲባሉ ደስ ቢልም ያለ ወረቀት ሊገቡ ነው። በጣም ካልተጨነቁ ቀጠሮውን በጥቂት ቀን ይግፉት። መግፋት ካልቻሉ ደግሞ ቢያንስ የመጀመሪያውን ቀን ዋጋ በአጭር የስልክ መልእክት እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፤ ቀጣዮቹን ቀጠሮዎች በደንቡ መሠረት ያስይዛሉ።

ደረጃ 4፦ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያንብቡ

ወረቀቱ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው። ስምዎና የልደት ቀንዎ ላይ ይጀምራል። ከዚያ የአገልግሎቱ መግለጫ፣ በየመስመሩ የአገልግሎቱ ኮድ፣ ዋጋው፣ ብዛቱ፤ ከታች ደግሞ የባለሙያው ስም፣ የመለያ ቁጥሮቹና የሚሠራበት ግዛት። በመጨረሻ ይህ ግምት እንጂ ውል እንዳልሆነና በምን ሁኔታ መከራከር እንደሚችሉ የሚናገር ጽሑፍ ይኖራል።

ሁለት ዓይነት መስመር እንዳለው አድርገን እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው። የመጀመሪያው መስመር፦ 90791፣ 220 ዶላር፣ አንድ ጊዜ። ሁለተኛው መስመር፦ 90837፣ 170 ዶላር፣ አሥራ አንድ ጊዜ። ሁለተኛው ሲባዛ 1,870 ዶላር ይሆናል፤ ጠቅላላው 2,090 ዶላር። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ወር ማለት ነው።

90791 የመጀመሪያው ግምገማ ነው፤ ታሪክዎን የሚጠይቁበት፣ ችግሩ ምን እንደሆነ የሚለዩበት ቀን። ከሌሎቹ ቀናት የሚወደድ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ አይደንግጡ፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ መጻፉን ይዩ። ከዚያ በኋላ የሚመጡት የየሳምንቱ ቀጠሮዎች ኮድ የሚለየው በደቂቃ ነው። 90832 ከ16 እስከ 37 ደቂቃ፣ 90834 ከ38 እስከ 52 ደቂቃ፣ 90837 ከ53 ደቂቃ ጀምሮ። ብዙ ቴራፒስት «አንድ ሰዓት» እያለ የሚሰጠው 50 ደቂቃ ነው፤ 50 ደቂቃ ደግሞ 90834 ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 90837 ካዩ «ቀጠሮው ስንት ደቂቃ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከባለቤትዎ ወይም ከቤተሰብ ጋር የሚገቡ ከሆነ 90847፣ በቡድን ከሆነ 90853 ይጻፋል።

የሕመሙ ኮድ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ቢሆን አይጠራጠሩ። ቴራፒስቱ ገና ሳያይዎት የሕመም ስም ሊሰጥዎ አይችልም፤ ደንቡም ለዋጋው ስሌት ካላስፈለገ በቀር ያልታወቀ ምርመራ እንዲጻፍ አያስገድድም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ብዛቱ። ቴራፒ ተደጋጋሚ አገልግሎት ስለሆነ አንድ ግምት እስከ 12 ወር ድረስ ሊሸፍን ይችላል፤ ግን በምን ያህል ጊዜ ልዩነት፣ ስንት ቀጠሮ፣ እስከ መቼ የሚለውን በግልጽ መጻፍ አለበት። አንዳንድ ቢሮ ለዓመት ሙሉ 50 ቀጠሮ አስልቶ የሚያስደነግጥ ድምር ይልካል። ያንን ድምር አይተው ስልኩን እንዳይዘጉ። መጀመሪያ የአንዱን ቀጠሮ ዋጋ ይዩ፤ ከዚያ አጠር ባለ ጊዜ፣ ለምሳሌ በሦስት ወር፣ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ። እኔ አጭሩን እመርጣለሁ። ምክንያቱም በኋላ የምንመጣበት የ400 ዶላር መስፈርት የሚለካው በድምር ነው። የ50 ቀጠሮ ድምር ተጽፎ እርስዎ 20 ጊዜ ብቻ ቢሄዱ፣ የአንዱ ቀጠሮ ዋጋ ቢጨመርም ጠቅላላው ቢል ከግምቱ በታች ሆኖ ይታያል፤ ጭማሪውም ተደብቆ ያልፋል።

መድኃኒት የሚያዝልዎት ሳይካትሪስት ሌላ ሰው ከሆነ ከእርሱም ቢሮ ለብቻው ግምት ይጠይቁ። የአንዱ ወረቀት የሌላውን ዋጋ እንደሚይዝ አይገምቱ።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ይጠይቁ

ግምቱ የሚናገረው ስለ ሕክምናው ነው። ከሕክምናው ዳር ዳር ያሉ ክፍያዎች ብዙውን ጊዜ ቴራፒስቱ በሚያስፈርምዎት ሌላ ወረቀት ውስጥ ነው የሚገኙት። ከመፈረምዎ በፊት ይህን ያጣሩ፦ ቀጠሮ ብቀር ወይም ብሰርዝ ስንት ነው፣ ስንት ሰዓት ቀድሜስ ማሳወቅ አለብኝ? በብዙ ቦታ 24 ወይም 48 ሰዓት ነው፤ ካለፈ የሙሉ ቀጠሮውን ዋጋ የሚያስከፍል አለ። አሥር ደቂቃ ብዘገይ ሰዓቱ ይቆረጣል ወይስ ይጨመራል? በቀጠሮ መካከል ስልክ ብደውል ያስከፍላል? በዓመቱ ውስጥ ዋጋ ትጨምራላችሁ ወይ፣ ስንት ቀን ቀድማችሁስ ትነግሩኛላችሁ?

ለወገኖቻችን የተለየ ነገር ልጨምር። ለጥገኝነት ጉዳይ፣ ለፍርድ ቤት ወይም ለአሠሪ የሚጻፍ ደብዳቤና ሪፖርት ከየሳምንቱ ቴራፒ የተለየ ሥራ ነው፣ ዋጋውም የተለየ ነው። «ቴራፒስቴ ስለሆነ ይጽፍልኛል» ብሎ ማሰብ ያሳስታል። ገና ሲጀምሩ ይንገሩት፣ የሚጽፍ መሆኑን ይጠይቁት፣ የሚጽፍ ከሆነም ዋጋውን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ኢንሹራንስ ኖሮዎት ቴራፒስቱ ኢንሹራንስ የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ሱፐርቢል ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ። ሱፐርቢል ማለት ለኢንሹራንስዎ ራስዎ የሚልኩት ዝርዝር ደረሰኝ ነው፤ ፕላንዎ ከኔትወርክ ውጭ ያለን ባለሙያ የሚሸፍን ከሆነ ከከፈሉት የተወሰነው ሊመለስልዎ ይችላል። ተመላሹን ግን እስኪያዩት ድረስ በበጀትዎ ውስጥ አይቁጠሩት።

ደረጃ 6፦ ዋጋውን ካልቻሉት ይናገሩ

ግምቱ ላይ የሚጻፈው እርስዎ በእርግጥ ይከፍሉታል ተብሎ የሚጠበቀው ዋጋ ነው፤ ቅናሽ የሚገባዎት ከሆነ ቅናሹ ተቀንሶ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ስለ ቅናሽ የሚነገረው ወረቀቱ ከመሠራቱ በፊት ነው። ቃሉ ስላይዲንግ ስኬል ነው፤ እንደ ገቢዎ ዝቅ የሚል ዋጋ ማለት ነው። «ገቢዬ ይህን ያህል ነው፣ በወር ለቴራፒ ማውጣት የምችለው ይህን ያህል ነው» ብሎ ቁጥር መጥራት ከ«ይወደድብኛል» ይልቅ ይሠራል። ቴራፒስቱም ሦስት ነገር ሊያደርግ ይችላል፦ ዋጋውን ይቀንሳል፣ በየሳምንቱ የነበረውን በየሁለት ሳምንት ያደርገዋል፣ ወይም ሌላ ቦታ ይመራዎታል።

ሌላ ቦታ ሲባል መጀመሪያ የምጠቁመው ኮሚኒቲ ሄልዝ ሴንተር የሚባሉትን በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፉ ክሊኒኮች ነው። እዚያ መክፈል ያልቻለ ሰው አይመለስም፤ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር በታች የሆነ ሙሉ ቅናሽ ያገኛል ወይም ጥቂት ብቻ ይከፍላል፣ ከመስመሩ እስከ እጥፉ ድረስ ያለው ደግሞ በደረጃ ይቀነስለታል። ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ የአእምሮ ጤና አገልግሎት አላቸው። ቴራፒስት የሚያሠለጥኑ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው ፈቃድ ባለው ባለሙያ ቁጥጥር ሥር ሆነው የሚያክሙባቸው ርካሽ ክሊኒኮች አሏቸው። ተማሪ ነው ብለው አይናቁት፤ ሕክምናዎ ከአስተማሪው ጋር ይመከርበታል።

ደረጃ 7፦ ነገር ሲቀየር አዲስ ወረቀት ይጠይቁ

በሳምንት አንድ የነበረው ሁለት ከሆነ፣ ዋጋው ከተጨመረ፣ የግምገማ ፈተና ከታከለ፣ ቢሮው አገልግሎቱ ከመሰጠቱ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀን ቀድሞ አዲስ ግምት መላክ አለበት። ቴራፒስትዎ ታሞ ወይም ለቆ ሌላ ሰው በዋዜማው ቢተካ፣ ተተኪው የቀድሞውን ግምት እንደራሱ አድርጎ ይቀበላል። ግምቱ ዘመኑ ሲያልቅና ሕክምናው ሲቀጥልም አዲስ ይሠራል።

ወረቀቱን አይጣሉ። ኮፒው ከሕክምና መዝገብዎ ጋር የሚቀመጥ ሲሆን እስከ ስድስት ዓመት ድረስ ኮፒ መጠየቅ ይችላሉ፤ ግን የራስዎን ኮፒ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ቢይዙት ማንንም አይለምኑም። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ቀኑን፣ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ የከፈሉትን በአንድ መስመር ይጻፉ። አሰልቺ ይመስላል። ቢሉ ሲመጣ ግን በአምስት ደቂቃ ያስተያያሉ።

ደረጃ 8፦ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ

መጀመሪያ ወደ ቢሮው ይደውሉ። አብዛኛው ስሕተት የኮድ ወይም የብዛት ስሕተት ነው። ግምቱንና ቢሉን ጎን ለጎን ይዘው፣ «ግምቱ ላይ 90834 ነው፣ ቢሉ ላይ 90837 ነው፣ ያስተካክሉልኝ» ይበሉ። ልዩነቱ ከ400 ዶላር በታች ቢሆንም ይህን ከመጠየቅ የሚከለክልዎት የለም።

ካልተስማሙና የዚያ ባለሙያ ጠቅላላ ቢል ከሰጠው ግምት ቢያንስ በ400 ዶላር ከበለጠ፣ የፌዴራሉን የታካሚና የባለሙያ ክርክር ሂደት መጀመር ይችላሉ። በላይኛው ምሳሌያችን ግምቱ 2,090 ስለነበር ቢሉ 2,490 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ማለት ነው። ጊዜው ከቢሉ ቀን ጀምሮ 120 ቀን ነው፤ እነዚህ የካሌንደር ቀኖች ናቸው፣ የሥራ ቀኖች አይደሉም። መክፈቻው 25 ዶላር ነው። የሚቀርበው በሜዲኬርና ሜዲኬይድ አገልግሎቶች ማዕከል፣ ሲኤምኤስ በሚባለው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በኩል ወይም በፖስታ ነው። ግምቱን፣ ቢሉንና የራስዎን አድራሻ ያያይዛሉ።

ጉዳዩን የሚያየው ከሁለቱም ወገን ነጻ የሆነ ዳኛ ድርጅት ነው። ቴራፒስቱ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ማስረጃውን ይልካል፤ ድርጅቱ ያንን ከተቀበለ በኋላ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ይወስናል። ቴራፒስቱ ጭማሪው ለሕክምናው የግድ ያስፈለገና አስቀድሞ ሊታይ የማይችል እንደነበር ካላሳየ፣ የሚከፍሉት ግምቱ ላይ ያለውን ነው። እርስዎ ካሸነፉ የከፈሉት 25 ዶላር ከዕዳዎ ይቀነስልዎታል። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ቢሉ ወደ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ሊላክ አይችልም፣ ተልኮ ከሆነም ማሳደዱ ይቆማል፣ የመዘግየት ቅጣትም አይቆጠርም። ስለተከራከሩ ሊበቀሉዎት ወይም ሊያስፈራሩዎት አይፈቀድም። በመሃል ከቢሮው ጋር ቢስማሙ ደግሞ ሂደቱ እዚያው ይቆማል።

ግምት ጭራሹን ሳይሰጥዎት ቢል ብቻ ከመጣስ? የእነዚያ እናት ነገር ይህ ነበር። ይህ ክርክር የሚነሣው በተሰጠ ግምት ላይ ስለሆነ በዚህ በር መግባት አይቻልም፤ ግን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ቢሮው ሕጉን አልፈጸመም ብለው ለሲኤምኤስ ያመለክታሉ። የእርዳታ መስመሩ 1-800-985-3059 ነው፤ ክርክር ለመጀመርም፣ አቤቱታ ለማቅረብም፣ ዝም ብሎ ለመጠየቅም ያገለግላል። ሲደውሉ መጀመሪያ «አማሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። ቢሉን፣ ቀጠሮ የያዙበትን ቀን፣ ስለ ዋጋ የተነጋገሩበትን ቀንና ያነጋገሩትን ሰው ስም ፊትዎ አስቀምጠው ይደውሉ።